ከቆቦ ሜዳ እስከ ኮረም አናት፦ ሮተራቸውን የሚያዘነብሉ የጦር አውሮፕላኖች በራያ ምድር ሚዛን

የራያ ቆላ በምሥራቅ በዞብል ተራራ፣ በምዕራብ ወደ ላስታ ደጋ በሚያወጣው ገደል መካከል ከደቡብ ወደ ሰሜን የተዘረጋ ሜዳ ሲሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,470 ሜትር ያህል ከፍታ ካላት ቆቦ ተነሥቶ በአላማጣ በኩል የግራካሱን ጠመዝማዛ ዳገት የሚወጣ መኪና ኮረም እስኪደርስ ድረስ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ሽቅብ ይወጣል። ሜዳው ለአውሮፕላን መንደርደሪያ የሚመች ሲሆን ዳገቱና ከዳገቱ በላይ ያለው አምባ ግን ከሄሊኮፕተር በቀር የሚያስተናግደው የለም። የሁለቱን ችሎታ በአንድ አካል ለማዋሐድ የተሠራው ቲልትሮተር የሚባለው አውሮፕላን ምን እንደሚችልና ምን እንደሚሳነው ለመመዘን ከዚህ የተሻለ ምድር ማግኘት ያስቸግራል።

ቲልትሮተር በክንፎቹ ጫፍ ላይ ትልልቅ ሮተሮች የተተከሉለት አውሮፕላን ነው። ሮተሮቹ ወደ ላይ ሲቆሙ እንደ ሄሊኮፕተር ከቆመበት ቀጥ ብሎ ይነሣል፤ ወደ ፊት ሲያዘነብሉ ደግሞ እንደ ፕሮፔለር ይስቡታል፤ ያን ጊዜ ክብደቱን የሚሸከመው ክንፉ ነው። ሄሊኮፕተር እጅግ መፍጠን የማይችለው፣ ወደ ፊት በበረረ ቁጥር ወደ ኋላ የሚዞረው የሮተር ምላጭ የሚያገኘው ነፋስ እየቀነሰ ማንሣት ስለሚያቅተው ነው። በቤልና በቦይንግ ኩባንያዎች የተሠራውና እ.ኤ.አ. መጋቢት 1989 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ቪ-22 ኦስፕሬይ ከዚህ ገደብ ስለወጣ በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይበርራል፤ 24 ወታደሮችንም ይይዛል።

እንዲሠራ ያነሣሣው የርቀት ጉዳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 በኢራን የታገቱ አሜሪካውያንን ለማስለቀቅ የተሞከረው ዘመቻ በሄሊኮፕተሮች ብልሽት ተሰናክሎ፣ በበረሃው ማረፊያ በደረሰ ግጭት ስምንት ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ጦር ሩቅ በርሮ ያለ መንደርደሪያ የሚያርፍ መሣሪያ ፈለገ። ጉዳዩ ለአፍሪካ ቀንድ ባዕድ አይደለም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም የነበሩ የአሜሪካ ዲፕሎማቶች በሄሊኮፕተር ሲወጡ፣ ከጅቡቲ የተነሡት ሦስት ቺኑኮች በኢትዮጵያ አርፈው ነዳጅ መቅዳት ነበረባቸው። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ግን ሦስት ኦስፕሬዮች ከጅቡቲ ተነሥተው 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው የደቡብ ሱዳኑ ቦር አመሩ፤ እዚያም ከምድር ተተኩሶባቸው አራት ሰዎች ሲቆስሉ፣ አውሮፕላኖቹ ተመትተውም ቢሆን እስከ ኡጋንዳው ኢንቴቤ መብረር ችለዋል። ከጅቡቲ እስከ ቆቦ ያለው የአየር መንገድ ከ400 ኪሎ ሜትር በታች ነውና፣ እንዲህ ላለው አውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጉዞ ነው።

ይሁን እንጂ መድረስ አንድ ነገር ነው፤ ጭነት ይዞ ማረፍና መነሣት ሌላ። አየር በከፍታም በሙቀትም ይሳሳል፤ በግንቦትና በሰኔ እኩለ ቀን 35 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት የቆቦ አየር ከባሕር ዳርቻው መደበኛ አየር ጋር ሲነጻጸር ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው፤ ኮረም ላይ ደግሞ ይብሳል። ሮተር የሚያነሣው አየርን ቁልቁል በመግፋት ስለሆነ፣ በሳሳ አየር ያው ሮተር የሚሸከመው ክብደት ያንሳል። ኦስፕሬይ በዚህ ረገድ በተፈጥሮው ይቸገራል፤ የእያንዳንዱ ሮተር ስፋት ከዳር እስከ ዳር 11.6 ሜትር ብቻ ሲሆን፣ በክብደት የሚቀራረበው ቺኑክ ግን 18.3 ሜትር ሮተር አለው። ትንሹ ሮተር ለፍጥነት የተከፈለ ዋጋ ነው፤ ያን ሁሉ ክብደት በጠባብ ክብ ላይ ለመሸከም አየሩን በኃይል ቁልቁል መምታት ግድ ይሆናል። በበጋ የደረቀው የራያ ማሳ ላይ ይህ ነፋስ የሚያስነሣው አቧራ አብራሪውን ያሳውራል፤ ወደ ሞተሩም ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2015 በሃዋይ አንድ ኦስፕሬይ ወድቆ ሁለት ወታደሮች የሞቱት በዚሁ ምክንያት ነበር።

መፍትሔው በከፊል ከሜዳው ይገኛል። ኦስፕሬይ ቀጥ ብሎ ሲነሣ ከ23.9 ቶን በላይ መመዘን የማይችል ሲሆን፣ ሮተሮቹን በከፊል አዘንብሎ ጥቂት ከተንደረደረ ግን እስከ 25.9 ቶን ይዞ ይነሣል፤ ክንፉም ስለሚያግዘው ነው። እንግዲህ ከቆቦ ሜዳ ተንደርድሮ ተነሥቶ፣ ነዳጁ ቀለል ሲል ተራራ ላይ ቀጥ ብሎ ማረፍ ይችላል ማለት ነው። ይህ ነጥብ ፍጥነቱን ብቻ በሚያወድሱ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ለተራራማ አገር ግን ከፍጥነቱ ይልቅ የሚጠቅመው ይኸው ነው።

ነገሩ የጦር ሜዳ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ኮረም ምስክር ናት። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. በዓለም ቴሌቪዥኖች የታየው የወሎ ረሀብ የተቀረጸው እዚያ ነበር። በዚያው ዓመት የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን አየር ኃይሎች መንገድ ለሌላቸው የደጋ ሰዎች እህል ከአውሮፕላን ሲጥሉ፣ የመጣያውን ቦታ የሚያዘጋጁትን ሰዎች ያመላልሱ የነበሩት የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ነበሩ፤ አንዱ መሸከም፣ ሌላው ማረፍ ስለሚችል ሥራው ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ቲልትሮተር ሁለቱን ሥራ እንደሚያጣምር እ.ኤ.አ. በ2015 ከኔፓል የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ታይቷል፤ ይሁንና እዚያም በቻሪኮት ከተማ የሮተሮቹ ነፋስ የቤት ጣራ ገንጥሏል። ሣር ክዳንና ቆርቆሮ ባለበት የገጠር መንደር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የደኅንነቱም ታሪክ ከባድ ነው። ሁለቱ ሞተሮች በክንፉ ውስጥ በሚያልፍ ዘንግ ስለተያያዙ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ሁለቱንም ሮተር ያዞራል፤ ይህን የሚያስችለው የማርሽ ሥርዓት ግን እጅግ የተወሳሰበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሪዞና 19 ወታደሮች የሞቱት አውሮፕላኑ በፍጥነት ሲወርድ ሮተሩ ራሱ ባናወጠው አየር ውስጥ ስለገባ ነበር፤ በ2023 በጃፓን ባሕር ዳርቻ የስምንት ሰዎች ሕይወት የጠፋው ግን ከማርሽ ሳጥን ብልሽት ጋር በተያያዘ አደጋ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ኦስፕሬዮች በሙሉ ለሦስት ወር ያህል እንዳይበሩ ታግደዋል።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የአሜሪካ ምድር ጦር የመረጠው ቪ-280 የተባለው የቤል ኩባንያ አዲስ ቲልትሮተር ሞተሮቹን አግድም እንደተተከሉ ትቶ ሮተሮቹን ብቻ ያዘነብላል። ለዚህ ትውልድ አውሮፕላኖች ከወጡት መመዘኛዎች አንዱ በ1,830 ሜትር ከፍታ፣ በ35 ዲግሪ ሙቀት በአየር ላይ ቀጥ ብሎ መቆም መቻል ነው። ይህም ከግራካሱ ዳገት አጋማሽ ከፍታና ከራያ የሰኔ ቀትር ሙቀት ጋር ይቀራረባል።