ተጨማሪ መረጃ፦ «ኤኢኤስ» ብሎ ማቆም
በጃቫ የምስጠራ ኤፒአይ ለ«ሳይፈር» ክላስ «ኤኢኤስ» የሚለውን የምስጠራ ስልተ ቀመር ስም ብቻ ብትሰጡት ኮዱ ያለ ምንም ስህተት ይሠራል። አደጋውም ይኸው ነው። የአሠራር ስልቱ ስላልተነገረው ከጃቫ ጋር የሚመጣው አቅራቢ በራሱ ኢሲቢ የሚባለውን ስልት ይመርጣል። ኢሲቢ መረጃውን በ16 ባይት እየቆረጠ ይመሰጥራል፤ ቁልፉ እስካልተለወጠ ድረስ ተመሳሳይ ቁራጮች ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣሉ። የሊነክስ አርማ የሆነው የፔንግዊን ሥዕል በዚህ ስልት ሲመሰጠር ቀለሙ ይቀየራል እንጂ ቅርጹ፣ ሆዱና ምንቃሩ ሳይቀር፣ ተለይቶ ይታያል። ጥፋቱን በፕሮግራመሩ ላይ ብቻ መጫን አግባብ አይደለም፤ ኤፒአዩ ራሱ አሳስቶታል። ዳንኤል በርንስታይንና ባልደረቦቹ የሠሩት ኤንኤሲኤል ላይብረሪ ምስጠራንና ማረጋገጫን በአንድ ፈንክሽን ያጠቃለለው እንዲህ ያለውን ስህተት ለማስቀረት ነው። በጃቫ ስትጽፉ ግን «ኤኢኤስ/ጂሲኤም/ኖፓዲንግ» ብላችሁ ስልቱን (ጂሲኤምን) ጨምራችሁ ሙሉውን ጻፉ፤ ለእያንዳንዱ መልእክትም አዲስ ኖንስ (አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል እሴት) ስጡ።