ከሜሎድራማ ወደ እውነታዊነት፦ የአማርኛ ቴአትር ጉዞ

ሜሎድራማ ደግና ክፉ ገጸ ባሕርያት በግልጽ ተለያይተው የሚቀርቡበት፣ ንግግሩ የገነነ፣ ዓላማውም የተመልካችን ስሜት በብርቱ መቀስቀስ የሆነ የድራማ ዓይነት ነው። እውነታዊ ቴአትር በአንጻሩ ሰውን ከነጉድለቱ፣ በሚኖርበት ቤትና በሚናገረው ቋንቋ ያሳያል።

የዘመናዊ ቴአትራችን ፈር ቀዳጅ የሆነው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» የዘመኑን አስተዳደር በእንስሳት ተረት የተቸ በመሆኑ ታግዷል። በኋላም ዮፍታሔ ንጉሤ «አፋጀሽኝ»ን በምሳሌያዊ አቀራረብ ጽፈዋል። በ1948 ዓ.ም. የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር የተመረቀውም ታሪኩን ከመጽሐፍ ቅዱስ በወሰደው የመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። እነዚህን የመሰሉ ሥራዎች ግብረ ገብንና አገር ወዳድነትን አስተምረዋል፤ ተዋናዩም ከባልደረባው ጋር ከመነጋገር ይልቅ ለታዳሚው ንግግር ወደ ማድረግ ያደላ ነበር።

በ1950ዎቹ ግን ለውጥ መጣ። በውጭ አገር የተማሩና የዓለምን ቴአትር በቅርብ ያዩ ወጣት ጸሐፍት ትኩረታቸውን ከቤተ መንግሥትና ከቅዱሳት መጻሕፍት ወደ ተራው ሰው ጓዳ መለሱ። መንግሥቱ ለማ በ«ያላቻ ጋብቻ» የባላባት ልጅና የቤት ሠራተኛ ፍቅር ከወግ ጋር ሲጋጭ፣ በ«ጠልፎ በኪሴ» ደግሞ ጠለፋ በተማሩ ወጣቶች ዘንድ ምን መልክ እንደሚይዝ በለዛ አሳይተዋል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ«የከርሞ ሰው» የአዲስ አበባን ዝቅተኛ ነዋሪ ኑሮ ወደ መድረክ አምጥተዋል።

ለውጡ የይዘት ብቻ አልነበረም። ገጸ ባሕርያቱ የዕለት ተዕለት አማርኛ ሲናገሩ፣ ዝምታና ጥቃቅን እንቅስቃሴም ትርጉም የሚሸከሙ ሆኑ። የትወና ሥልጠናም አስፈላጊነቱ ጎላ፤ በ1970ዎቹ መግቢያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል መከፈቱ ለዚህ ፍላጎት ምላሽ ሰጥቷል።

ይሁንና ሜሎድራማ ከመድረክ ጨርሶ አልወጣም፤ ጸጋዬ ራሳቸውም ግርማ ያለውን የግጥም ቋንቋ አልተዉም። ዋናው ልዩነት ከተመልካች የሚጠበቀው ነገር ነው። ሜሎድራማ ጥፋተኛውን ለይቶ ስለሚያሳይ ተመልካቹ ፈርዶ ይወጣል። እውነታዊ ቴአትር ግን ልማዱን የተሸከመው ሰው ጎረቤቱ፣ ዘመዱ ወይም ራሱ ሊሆን እንደሚችል ያሳየዋል። ስለ ጠለፋና ስለ መደብ ልዩነት በግልጽ መነጋገር አስቸጋሪ በነበረበት ዘመን፣ ማኅበረሰቡ በራሱ ላይ እየሳቀ ራሱን እንዲመረምር ያስቻለው ይኸው አቀራረብ ነው።