የኮንዶሚኒየም ድመት የት ይጸዳዳ?

ፎቅ ላይ ድመት ማሳደግ ቀላል ነው የሚል ሰው ካለ፣ አሸዋ በማዳበሪያ ተሸክሞ ሦስት ደረጃ ወጥቶ አያውቅም ማለት ነው።

የእኛ ቤት ነገር የጀመረው በአይጥ ነው። ኩሽና ያለውን የጤፍ ጆንያ የምትበሳ አንዲት አይጥ ነበረች። ባለቤቴ ወጥመድ እንግዛ አለ፣ ልጆቹ ድመት እናምጣ አሉ፤ ልጆቹ አሸነፉ። ቀለሙ የበሰለ ሽሮ የሚመስል ወንድ ግልገል በካርቶን መጣ፤ ስሙም በዚያው ሽሮ ሆኖ ቀረ። አይጧ በሳምንቱ ጠፋች። ሽሮ ግን የሚወጣበት ግቢም፣ የሚጭረው አፈርም አልነበረውም። እናቴ ቤት የነበሩት ድመቶች ወደ ጓሮ ሄደው፣ ጭረው፣ ሸፍነው ይመለሱ ነበር፤ የት እንደሚጸዳዱ ያሰበ ሰው እንኳ አልነበረም።

መጀመሪያ በሳፋ አፈር አቀረብንለት። ዝናብ ሲመጣ ደረቅ አፈር ጠፋ። ቀጥሎ ከሰፈራችን አናጺ ሰጋቱራ እየለመንን አመጣን። ሰጋቱራው በመዳፉ እየተጣበቀ ሶፋው ላይ፣ አልጋው ላይ፣ አንድ ቀን ደግሞ ሰፌዱ ላይ ተገኘ። ሽታውን ለመደበቅ እንግዳ በመጣ ቁጥር ዕጣን አጨስ ጀመር። አንድ እሑድ አማቴ ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ «ልጄ፣ ዕጣኑስ ደግ ነው፤ ከሥሩ ያለው ምንድን ነው?» አሉኝ። ያን ቀን መላ መፈለግ እንዳለብኝ ገባኝ።

መላው የመጣው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከምትኖረው እህቴ ሻንጣ ውስጥ ነው። እሷም ያለችው አፓርትመንት ውስጥ ነው፤ ሁለት ድመቶች አሏት፤ ቤቷ ግን አይሸትም። ለበዓል ስትመጣ ፓድ ያለውን የድመት መጸዳጃ ይዛልኝ መጣች።

ዕቃው በሁለት ፎቅ የተሠራ የፕላስቲክ ሳጥን ነው። የላይኛው ክፍል ወለሉ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ሲሆን፣ በላዩ ላይ ጠንካራ እንክብሎች ይፈሰሱበታል። እንክብሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ዚዮላይት ከሚባል ማዕድን የሚሠሩ ናቸው፤ አይሟሙም፣ አቧራም አያስነሡም። ድመቱ ሲሸና ሽንቱ በእንክብሎቹ መሃል አልፎ፣ በወንፊቱ ቀዳዳዎች ወደ ታች ይወርዳል። ታች ያለው መሳቢያ ነው፤ እዚያ ውስጥ የተነጠፈው ፓድ ሽንቱን ይመጠዋል። የፓዱ ሆድ ውስጥ ያለው የሕፃናት ዳይፐር ውስጥ የሚገኘው ዓይነት ዱቄት ነው፤ ፈሳሽ ሲነካው አብጦ እንደ አጥሚት ይረጋል። ሰገራው ከላይ ይቀራል፤ እሱን በየቀኑ በመዛቂያ ማንሣት የባለቤቱ ሥራ ነው።

ሐሳቡ ከዳይፐር ጋር መዛመዱ አያስገርምም። ጃፓን ውስጥ ይህን ዓይነቱን መጸዳጃ ዲዮ ቶይሌት በሚል ስም የሚሸጠው ዩኒ ቻርም ራሱ የዳይፐር አምራች ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ታይዲ ካትስ ብሪዝ የሚለው የፑሪና ምርት ይታወቃል። ከዚያ በፊት የነበረው ታሪክ እንደኛ ቤት ታሪክ ነበር፦ አሸዋ፣ አፈርና አመድ። በ1947 እ.ኤ.አ. ሚሺጋን ውስጥ አንዲት ሴት አሸዋዋ በረዶ ሆኖ ተጋግሮባት፣ ድመቷም በአመድ እግሯ ቤቱን እያበላሸችባት ጎረቤቷን አሸዋ ለመነች። ኤድዋርድ ሎው የተባለው ጎረቤት በአሸዋ ፈንታ ፈሳሽ የሚመጥ የሸክላ አፈር ጥራጥሬ ሰጣት። ሴትየዋ ሌላ ነገር አልፈልግም ብላ ተመልሳ መጣች፤ ሰውየውም በዚያ ሀብታም ሆነ። እስከ ዛሬ ብዙ የቤት ድመቶች የሚጸዳዱት በአፈር ጥራጥሬ ላይ ነው። ፓዱ ያመጣው ለውጥ ሽንትና ሰገራን መለየቱ ነው። ሽታውን የሚቀንሰውም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ሽንት ውሎ ሲያድር በውስጡ ያለውን ዩሪያ ባክቴሪያዎች ወደ አሞኒያ ይለውጡታል፤ አፍንጫ የሚሰነፍጠውም ይህ አሞኒያ ነው። ሰጋቱራና አፈር ሽንቱን ድመቱ እየረገጠው እዚያው ያቆዩታል።

እንግዲህ አታሎ የሚሸጥ ማስታወቂያ እንዳይሆንብኝ ድካሙንም ልናገር። ለአንድ ድመት አንድ ፓድ ቢበዛ አንድ ሳምንት ያገለግላል፤ እንክብሎቹ ደግሞ በወር አካባቢ ይቀየራሉ። ሁለት ድመት ካለ ፓዱን ቶሎ ቶሎ መቀየር ያስፈልጋል። ሳምንት ካለፈው ፓዱ ራሱ የሽታ ምንጭ ይሆናል። እኛ ቤት በመጀመሪያው ሳምንት የደረሰውም ይታወስ፦ ባለቤቴ ፓዱን ገልብጦ ነጠፈው። ፕላስቲኩ ወደ ላይ ሆነና ሽንቱ መሳቢያው ውስጥ ኩሬ ሠራ። መሳቢያውን በችኮላ የሳበው እሱ ራሱ ስለሆነ ሌላ ቅጣት አላስፈለገውም። ለስላሳው ወደ ላይ፣ ፕላስቲኩ ወደ ታች።

ፓዱን እንድወድ ያደረገኝ ግን ሽታው መጥፋቱ አይደለም።

ባለፈው ክረምት አንድ ሐሙስ ሽሮ መጸዳጃው ውስጥ ይገባል፣ ያጎነብሳል፣ ይወጣል፣ እንደገና ይገባል። ሆዱ ደርቆበት ነው ብዬ ዘይት ላጠጣው አስቤ ነበር። ትንሿ ልጄ መሳቢያውን ስባ፣ «እማዬ፣ ፓዱ ደረቅ ነው» አለችኝ። ፓዱን የቀየርነው በዋዜማው ማታ ነው። ጠብታ እንኳ የለበትም። ሰጋቱራ ቢሆን ኖሮ ማን ያውቅ ነበር? በሰጋቱራ ላይ ትናንት ይሽና ዛሬ የሚለይ የለም።

የእንስሳት ሐኪሙ ሆዱን ዳሰሱትና ፊኛው እንደ ብርቱካን ጠጥሯል አሉ። የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ነበር። ወንድ ድመት የሽንት ቧንቧው ረጅምና በጣም ጠባብ ስለሆነ በጥቃቅን ጠጠሮች ወይም በዝቃጭ ይዘጋል። ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ኩላሊት ሥራ ያቆማል፤ ደም ውስጥ የሚጠራቀመው ፖታሲየም ልብን ያስቆማል፤ ይህ ሁሉ በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ሊደርስ ይችላል። ሽሮን አደንዝዘው በቀጭን ቱቦ ሽንቱን አወረዱለት። ሐኪሙ እጃቸውን እየታጠቡ፣ «እስከ ቅዳሜ ብትጠብቂ ኖሮ ድመት አልነበረሽም» አሉኝ።

ስለዚህ ወንድ ድመት ያላችሁ ይህችን አስቡ። ድመቱ ደጋግሞ እየተቀመጠ ፓዱ ደረቅ ከሆነ፣ ከጮኸ፣ ብልቱን አዘውትሮ ከላሰ ነገ አይባልም። ፓዱ ነጭ ስለሆነ ሌላም ነገር ያሳያል። ሮዝ ወይም ቀይ ነጠብጣብ ደም ነው። ሳምንት ይቆይ የነበረው ፓድ በሦስት ቀን ከሞላ ደግሞ፣ በተለይ ዕድሜው በገፋ ድመት ላይ፣ የኩላሊት ችግርን ወይም የስኳር በሽታን ስለሚያመለክት ማስመርመር ይገባል። የድመት ዘር የመጣው ከደረቅ ምድር ነው፤ ኩላሊቱ ውሃ ቆጣቢ፣ ሽንቱም ወፍራም ነው፤ ውሃ መጠጣትም አይወድም። እኛ አሁን ምግቡን በመረቅ እናረጥብለታለን፤ ጨውም፣ ሽንኩርትም፣ ነጭ ሽንኩርትም የሌለበት መረቅ መሆን አለበት። ሽንኩርት የድመትን ደም ይጎዳል።

እህቴ ያመጣቻቸው ፓዶች ሲያልቁ ምን አደረግን? ፋርማሲ ሄድኩ። ለአልጋ ቁራኛ ሕሙማን አንሶላ ላይ የሚነጠፈው፣ አንድ ፊቱ ለስላሳ ሌላው ፕላስቲክ የሆነው ንጣፍ ያንኑ ሥራ ይሠራል። በመቀስ አትቁረጡት፤ ውስጡ ያለው ዱቄት ይፈስሳል። አጥፋችሁ በመሳቢያው ልክ አድርጉት። ሳጥኑ ራሱ ከሌላችሁም እኩል ስፋት ያላቸው ሁለት ሳፋዎች ይበቃሉ። የአንዱን ወለል በጋለ ምስማር በሳሱት፤ ሌላኛው ውስጥ ፓዱን ንጠፉ፤ በሁለቱ መካከል አየር እንዲገባ ማዕዘኖቹ ላይ የጠርሙስ ክዳን አስቀምጡና ደራርቧቸው። ከላይ የሚፈሰሰው ነገር ከቀዳዳዎቹ የሚበልጥና ውሃ የማይመጥ መሆን አለበት፤ ከምስር ከፍ፣ ከሽንብራ ዝቅ ያለ፣ ታጥቦ የደረቀ ድቡልቡል ጠጠር ይሆናል። ሰጋቱራ እዚህ ላይ አይሠራም፤ ቀዳዳውን ይደፍናል። ለጎረቤቴ እንዲህ ሠርተንላት ድመቷ ከሦስት ቀን ማመንታት በኋላ ገባችበት።

ማመንታቱ የሚጠበቅ ነው። ድመት ደቃቅ ነገር መጫር ይወዳል፤ እንክብል ለመዳፉ እንግዳ ነው። አዲሱን ከአሮጌው ጎን አኑሩት፤ አሮጌውን በአንድ ቀን አታንሱበት። ከአሮጌው አፈር አንድ ጭብጥ ከላይ ብትበትኑለት ሽታው ቦታውን ይነግረዋል። ሌላ ቦታ ቢሸና አትምቱት፣ አፍንጫውንም አታስነኩት፤ የሚማረው እናንተን መፍራት ብቻ ነው። መጸዳጃው ከምግቡ ይራቅ፤ ልብስ ማጠቢያ ማሽን አጠገብም አይሁን፤ ሲሸና ድንገት የሚጮኽ ነገር ካስደነገጠው ተመልሶ ላይገባ ይችላል። ገና ጡት የጣለ ግልገል ያገኘውን ሁሉ ስለሚቀምስ እንክብሉን እንዳይውጥ ሲያድግ ብታስለምዱት ይሻላል። አንዳንዱ ድመት ደግሞ ጭራሽ እንቢ ይላል፤ እሱን ወደ አፈሩ መመለስ ነው እንጂ ሙግት አያዋጣም።

ስለ እጥበት ሁለት ነገር ብቻ። በረኪና አትጠቀሙ፤ ከሽንት አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል። ውሃ ሲነካቸው እንደ ወተት የሚነጡት መድኃኒቶችም ብዙዎቹ ለድመት መርዝ ናቸው። ሙቅ ውሃና የዕቃ ሳሙና በቂ ነው። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣላቸው ሰፈሮች ይህ ዓይነቱ መጸዳጃ አንድ በረከት አለው፤ በየቀኑ የሚታጠብ ነገር የለውም፤ መሳቢያው በሳምንት፣ ሳጥኑ እንክብሉ ሲቀየር ይታጠባል። ያገለገለው ፓድ ግን በፌስታል ታስሮ ቆሻሻ ውስጥ እንጂ ሽንት ቤት ውስጥ አይጣልም፤ አብጦ ቧንቧ ይዘጋል፤ ከዚያ የታች ፎቅ ጎረቤት በሩን ያንኳኳል። ፓዱ ፕላስቲክ ስላለበት ቶሎ አለመበስበሱም ቅር ያሰኘኛል፤ የተሻለ አላገኘሁም።

ነፍሰ ጡር ላለበት ቤት ደግሞ ሰገራውን የማንሣት ሥራ የሌላ ሰው ይሁን። በድመት ሰገራ ውስጥ ሊኖር የሚችለው የቶክሶፕላዝማ ጥገኛ ተህዋስ ሰውን መያዝ የሚችለው ከወጣ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ከበሰለ በኋላ ስለሆነ፣ በየቀኑ ማንሣት አደጋውን በጣም ይቀንሰዋል። ፓዱ እዚህ ላይ ምንም አያግዝም። ሁላችንም ድመቱን ስንከስስ የምንረሳው ግን ጥሬ ሥጋን ነው፤ ያው ተህዋስ በጥሬ ሥጋም ይገባል። ለድመቱም ጥሬ ሥጋና የሆድ ዕቃ የምንሰጠው እኛው ነን፤ እንቀቅልለት።

እኛ ቤት የፓድ ቀን ቅዳሜ ነው፤ ቡናው ከመቆላቱ በፊት። ትልቁ ልጄ አዲሱን ፓድ ከመንጠፉ በፊት ጥጉ ላይ በእስክሪብቶ ቀኑን ይጽፍበታል። ትንሿ ግን ቅዳሜን አትጠብቅም፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ መሳቢያውን ትስባለች። «ሸንቷል!» ትለናለች፣ እንግዳ ቢኖርም ባይኖርም።