ተረቡ የት ያበቃል? ስድቡ የት ይጀምራል?

በአማርኛ “ተረብ” እና “ስድብ” ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ተረብ ሰውን በቀልድ መንካት ነው፤ ጥሩ ተረብ ሲሆን የተተረበውም ሰው አብሮ ይስቃል። ስድብ ግን ሰውን ለማቁሰል የሚነገር ቃል ነው። የአሜሪካ ቤዝቦል ሳይ እነዚህ ሁለት ቃላት ሁልጊዜ ትዝ ይሉኛል።

እኔ ያደግኩት እግር ኳስ እያየሁ ነው። በእግር ኳስ ሺህ ሰው አንድ ላይ ስለሚጮኽ የአንድ ሰው ድምፅ ለብቻው አይለይም። ቤዝቦል ግን ለተራቢ የተመቸ ጨዋታ ነው። አንዱ ኳስ ተወርውሮ ሌላው እስኪወረወር ድረስ ጸጥ የሚልበት ጊዜ አለ። አንዳንድ ተጫዋቾችም ከተመልካቹ ፊት ለፊት፣ ሜዳው ዳር ላይ ለረጅም ጊዜ ይቆማሉ። አንድ ሰው “ኳሱ አይታይህም እንዴ? መነጽር እንግዛልህ?” ብሎ ቢጮኽ ተጫዋቹ በደንብ ይሰማዋል፤ ምናልባትም ይስቃል። ይህ ተረብ ነው።

ስድብ ሲሆንስ? ተጫዋቾች የሚሰጡት መልስ የተለያየ ነው። ሦስት ታሪኮች ልንገራችሁ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1912 የዲትሮይት ታይገርስ ኮከብ የነበረው ታይ ኮብ ኒው ዮርክ ውስጥ ሲጫወት አንድ ተመልካች ደጋግሞ ሰደበው። ኮብ ወደ መቀመጫዎቹ ወጥቶ ሰውየውን ደበደበው። ሰውየው አንድ እጁን እና የሌላውን እጁን ሦስት ጣቶች በአደጋ ያጣ ነበር። ኮብ ታገደ። የቡድን ጓደኞቹ እገዳውን ተቃውመው አንጫወትም አሉ፤ በእነሱ ቦታ በችኮላ የተሰበሰቡት ተጫዋቾችም 24 ለ 2 ተሸነፉ። ዛሬ ሰው የሚያስታውሰው ስድቡን ሳይሆን ቡጢውን ነው።

በ1947 ጃኪ ሮቢንሰን ለብሩክሊን ዶጀርስ መጫወት ጀመረ። በዘመናዊው ሜጀር ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች እሱ ነው። የቡድኑ ኃላፊ ብራንች ሪኪ፣ ቢሰድቡህም መልስ እንዳትሰጥ ብሎ አስቀድሞ ቃል አስገብቶት ነበር። ብዙም ሳይቆይ የፊላደልፊያ ፊሊስ አሰልጣኝ ቤን ቻፕማንና ተጫዋቾቹ በቆዳው ቀለም ክፉኛ ሰደቡት። ሮቢንሰን ዝም አለ። ዝምታው ግን ቀላል አልነበረም፤ ትዕግሥቱ ሊያልቅ ተቃርቦ እንደነበር በኋላ ጽፏል። በመጨረሻ ሰዳቢዎቹን የተቆጣቸው ነጭ የቡድን ጓደኛው ኤዲ ስታንኪ ነው። መልስ መስጠት የሚችል ሰው ስደቡ አላቸው።

በ2025 ደግሞ የአሪዞና ዳይመንድባክስ ተጫዋች ኬተል ማርቴ ቺካጎ ውስጥ ሲጫወት አንድ ተመልካች በእናቱ ሞት ተሳለቀበት። እናቱ በ2017 በመኪና አደጋ ነበር የሞቱት። ማርቴ ሜዳው ላይ አለቀሰ። አሰልጣኙ ቶሪ ሎቩሎ አቀፈው። ተመልካቹ ከስታዲየም ተባረረ፤ ሜጀር ሊግም ወደ የትኛውም ስታዲየሙ እንዳይገባ ላልተወሰነ ጊዜ አገደው። በማግስቱ ተጋጣሚው ቡድን ዋይት ሶክስ በስታዲየሙ ሰሌዳ ላይ ለማርቴ የድጋፍ መልእክት አሳየ።

አንዳንድ ሰዎች “ተጫዋቹ ብዙ ገንዘብ ይከፈለዋል፤ ይቻለው!” ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። አንድ ተጫዋች ኳስ ሲስት መተረብ ይቻላል፤ ኳስ መያዝ ሥራው ነውና። የቆዳው ቀለምና የእናቱ ሞት ግን የጨዋታው አካል አይደሉም።

ሦስቱን ታሪኮች ሳስተያይ አንድ ነገር አያለሁ። የተሰደበው ሰው ቢማታ ጥፋተኛ ይሆናል፤ ዝም ቢል ሕመሙን ለብቻው ይሸከማል። ስለዚህ “ይብቃ!” ማለት ያለበት አጠገቡ ያለው ሰው ነው፤ ጓደኛው፣ አሰልጣኙ፣ ወይም ከተሳዳቢው ጎን የተቀመጠው ተመልካች።

“ካፍ የወጣ አፋፍ” የሚል ምሳሌያዊ አነጋገር አለን። አንዴ ከአፍ የወጣ ቃል አይመለስም ማለት ነው። በዚህ ሳምንት ወላጆቻችሁን በልጅነታቸው የሰሙትን አንድ ጥሩ ተረብ እንዲነግሯችሁ ጠይቋቸው። ከዚያ የተተረበው ሰው ስቆ እንደሆነም ጠይቁ።