በ1799 ዶላር ላይ ስለሚታየው የተደረበ አኃዝ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1792 ዓ.ም. በወጣው ሕግ የተቋቋመው የፊላዴልፍያ የገንዘብ ማተሚያ ቤት፣ የብር ዶላር የሚመታበትን የብረት ማኅተም በእጅ ያስቀርጽ ነበር። ጥሩ ብረት በቀላሉ ስለማይገኝ፣ ዓመቱ ቢለወጥም ያላረጀ ማኅተም አይጣልም፤ በአሮጌው አኃዝ ላይ አዲሱ ይደረብበታል። ስለዚህ ከ1799 ዶላሮች በአንዳንዶቹ ላይ ከመጨረሻው 9 ሥር የ8 ርዝራዥ ይታያል።

ይህን ከአጭበርባሪ እጅ ሥራ መለየት ያሻል። ርዝራዡ በማኅተሙ ውስጥ ጠልቆ የተቀረጸ በመሆኑ በገንዘቡ ላይ ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ከዚያው ማኅተም በተመቱት ሁሉ ላይም በአንድ ስፍራ ይገኛል። በኋላ የተፋቀ አኃዝ ግን ብዙ ጊዜ ዙሪያው ተቦርቡሮ ይታያል፤ አምሳያም የለውም።

ጀርባውም ይመርመር። ከነዚሁ በአንዱ ዓይነት ላይ ቀራጺው በ13 ፈንታ 15 ከዋክብት ቀርጾ፣ ትርፎቹን 2 በደመና ሊሸፍናቸው ሞክሮ ነበር፤ ጫፎቻቸው ግን ከደመናው ሥር ብቅ ብለው ቀርተዋል።