ስም የሌላት ትራንስፎርመር

ጠረጴዛዬ ላይ ጭብጥ የምታህል ከባድ ትራንስፎርመር ተቀምጣለች። ከአሮጌ ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር የወጣች ናት፤ ወረቀቷ ተልጦ ቁጥሯ ጠፍቷል። እንዲህ ያለችውን ለቁራሌው መስጠት አንጀቴ አይችልም። ቫልቩ በከፍተኛ ቮልቴጅ ጥቂት ከረንት ይሰጣል፤ ስፒከሩ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ብዙ ይፈልጋል። መሃል ገብታ የምታስማማቸው እሷ ናት።

አራቱን ሽቦዎች በቴስተር ለካሁ። ሁለቱ ቀጫጭኖች 400 ኦም አሳዩ፤ የቫልቩ ወገን ናቸው። ወፍራሞቹ ከ1 ኦም በታች፤ የስፒከሩ። በቫልቩ ወገን ሦስተኛ ሽቦ ቢኖር ኖሮ፣ ሁለት ቫልቮች እየተፈራረቁ የሚነዷት ትሆናለች ብዬ በጠረጠርኩ ነበር።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 400 ኦሙ የመዳቡ እንጂ ቫልቩ የሚያየው ጭነት አይደለም። ስለዚህ ለቀጫጭኖቹ 9 ቮልት ኤሲ ሰጠኋቸው። በስፒከሩ በኩል 0.25 ቮልት ወጣ። 9 ለ0.25 ሲካፈል 36 ነው። ቮልቴጁ 36 እጥፍ ሲያንስ ከረንቱ 36 እጥፍ ስለሚበዛ፣ 36 በራሱ ሲባዛ 1,296፤ ይህ በ4 ኦም ስፒከር ሲባዛ 5,184 ኦም። እንዴት ደስ አለኝ! ኢኤል84 የሚባለው ቫልቭ በ250 ቮልት ሲሠራ የሚመከርለት ጭነት 5,200 ኦም ገደማ ነዋ። ስፒከሩ 8 ኦም ቢሆን ግን ውጤቱ እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ የድሮውን ስፒከር ፈልጉ።

አደራ፣ ሽቦዎቹን እንዳታምታቱ። 9 ቮልቱን በስፒከሩ ወገን ብትሰጡ በቀጫጭኖቹ 324 ቮልት ይወጣል።