ዓርብ ያወቀው ልጅ ሰኞ ለምን ይረሳል? የአንድ ሳምንት ትምህርት ከሰሌዳው እስከ አንጎል

ዓርብ ዕለት የ1ኛ ክፍል ልጆች በሙሉ በአንድ ድምፅ «ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ» ብለው ይወጡታል። ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ፣ መዝሙር ተዘምሮ፣ ልጆቹ ገብተው ከተቀመጡ በኋላ መምህርቷ «ሌ»ን ብቻዋን ሰሌዳ ላይ ጽፋ ስትጠይቅ ግን ነገሩ ይቀየራል። ገሚሱ «ሊ» ይላል። ከፊሉ ከ«ለ» ጀምሮ በጣቱ እየቆጠረ ይደርስባታል። አንዳንዱ ደግሞ ዝም። «ዓርብ እኮ ታውቁ ነበር!» ትላለች መምህርቷ። ከመገናኛ በላምበረት ወደ ካራ በሚወስደው መንገድ፣ ወሰን አካባቢ ባለ ትምህርት ቤትም ይሁን ጎንደር፣ ትንንሽ ልጆችን ያስተማረ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት «ቅዳሜና እሁድ ሲጫወቱ ዋሉ»፣ «ቤት የሚያስጠናቸው የለም» የሚል ነው። ከእውነት የራቀ አይደለም። ዋናው መልስ ግን ሌላ ቦታ ነው። አንደኛ፣ መርሳት የጤናማ አንጎል ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ ዓርብ ዕለት ልጆቹ ያወቁት ነገርና ሰኞ የተጠየቁት ነገር ለየቅል ናቸው።

ከመርሳት እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1885 ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ በራሱ ላይ የሠራውን ጥናት አሳተመ። ትርጉም የሌላቸው አጫጭር ድምፆችን በዝርዝር እየጻፈ ይሸመድዳል፣ ጥቂት ይቆይና ያንኑ ዝርዝር እንደገና ይሸመድዳል። የለካው በሁለተኛው ጊዜ ምን ያህል ልፋት እንደቆጠበ ነው። ከ20 ደቂቃ በኋላ ቁጠባው 58 በመቶ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ 44፣ ከአንድ ቀን በኋላ 34፣ ከስድስት ቀን በኋላ 25፣ ከ31 ቀን በኋላ 21 በመቶ ሆነ። አንድ ሰው ብቻ የተፈተነበት ጥናት ስለሆነ ቁጥሮቹን እንዳሉ ወደ ልጆች መውሰድ አይቻልም። የኩርባው ቅርፅ ግን እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ድጋሚ ሙከራም ተመሳሳይ ሆኖ ተገኝቷል፤ መጀመሪያ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከዚያ ቀስ ይላል።

ከዚህ ለመምህር የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች ይወጣሉ። ትልቁ መርሳት የሚደርሰው ዓርብ ማታ ላይ ነው እንጂ እሁድ አይደለም፤ ስለዚህ ቅዳሜና እሁድን መውቀስ ብዙ አያስኬድም። ሁለተኛው ደግሞ ደስ የሚል ነው፤ ቁጠባው ዜሮ አልገባም። ሰኞ ዝም ያለው ልጅ ባዶውን አይደለም፣ እንደገና ሲማር ከመጀመሪያው ይፈጥናል። በተማርንበት ቀን አዲሱን ነገር ቶሎ የሚይዘው ሂፖካምፐስ የሚባለው ከጆሮ በስተውስጥ በኩል ያለ የአንጎል ክፍል ነው። ከዚያ ወደ አንጎል የውጭ ሽፋን ቀስ እያለ እንዲሰፍር የሚረዳው በተለይ እንቅልፍ ነው። ለዚህ ዕድሜ ልጆች በቀን ከ9 እስከ 11 ሰዓት እንቅልፍ ይመከራል። ቴሌቪዥን እያየ እስከ እኩለ ሌሊት የሚያመሽ ልጅ የሚያጣው ዕረፍት ብቻ አይደለም ማለት ነው።

አሁን ወደ ፊደሉ። ዓርብ ዕለት ልጆቹ ያወቁት ምን ነበር? ዜማ ነበር። «ለ» ስትባል «ሉ» ተከትላ ትመጣለች፣ «ሉ» ደግሞ «ሊ»ን ትጎትታለች። አንዱ ለሌላው ጥሪ ነው። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ልጁ ሰሌዳውን ጭራሽ ባያይም ትክክል ይላል። 50 ልጅ በአንድ ድምፅ ሲል ደግሞ ያላወቀው ባወቀው ድምፅ ላይ ይሳፈራል፤ መምህሩም የማያውቀውን ከሚያውቀው መለየት አይችልም። ሰኞ የተጠየቀው ግን ቅርፅን አይቶ ድምፅን ማውጣት ነው፣ ማንበብ የሚባለውም እሱ ነው።

«ሌ»ን «ሊ» ያለው ልጅ በዘፈቀደ አልተሳሳተም። ዋናዎቹ ፊደላት 33 ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ሰባት መልክ ስላላቸው 231 ቅርፆች ይሆናሉ፤ እንደ «ቋ» እና «ጓ» ያሉትን ሳንጨምር ነው። ሁሉም ግን ለየብቻ የሚሸመደዱ አይደሉም። ካዕቡ በአብዛኛው ወገቡ ላይ ጭረት ያወጣል፤ ሉ፣ ቡ፣ ቱ፣ ኩ። ሣልሱ ጭረቷን ወደ እግር ያወርዳል፤ ሊ፣ ቢ፣ ቲ፣ ኪ። ኃምሱ እዚያው እግሩ ላይ ቀለበት ያደርጋል፤ ሌ፣ ቤ፣ ቴ፣ ኬ። «ሊ» እና «ሌ» የሚለያዩት እንግዲህ በአንድ ቦታ ላይ ባለች ጭረትና ቀለበት ነው፣ ድምፃቸውም ይቀራረባል። ይህን የተሳሳተ ልጅ ግማሹን ሕግ ይዟል። «ሊ»ን ከ«ሌ»፣ «ቢ»ን ከ«ቤ» ጎን ለጎን አድርጎ «ልዩነታቸው የቱ ጋ ነው?» ብሎ መጠየቅ መላውን ቤተሰብ ከማስጮህ ይሻላል ባይ ነኝ።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ሳድስ ነው። ል፣ ም፣ ር፣ ብ፣ ን እያልን ብንደረድራቸው ቅርፃቸው አንድ ወጥ ሕግ የለውም። በዚያ ላይ ሁለት ዓይነት ይነበባል፤ «ስም» በሚለው ቃል ውስጥ «ስ» አጭር አናባቢ ይዛለች፣ «ም» ግን ምንም። የሚገርመው በማንኛውም የአማርኛ ጽሑፍ ላይ ዓይን የሚገባው በብዛት ይኸው ሳድስ ነው (ይህንኑ አንቀጽ መቁጠር ትችላላችሁ)። ማጥበቅና ማላላትም አይጻፍም። «አለ» ተናገረ ማለት ነው ወይስ አለ፣ ይገኛል? «ገና» በዓሉ ነው ወይስ ጊዜው? ይህን የሚወስነው የዓረፍተ ነገሩ ሐሳብ ነው። ስለዚህ ልጅ ፊደሉን ለይቶ ሲጨርስ ንባብ አላለቀም፣ ሐሳቡን ለመከተል የሚተርፈው ጉልበት ያስፈልገዋል። እያንዳንዷን ፊደል ፈልጎ የሚያገኝ ልጅ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ከአእምሮው ወጥቷል።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በበርካታ የአገራችን ክልሎች በተካሄደ የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱ ናቸው። ክፍሉ ከፍ ሲል ሒሳቡም፣ አካባቢ ሳይንሱም በጽሑፍ ይመጣል። ማንበብ ያልቻለ ልጅ ያኔ በአንድ ትምህርት ሳይሆን በሁሉም ይወድቃል።

ለዚህ ችግር የቆየ መፍትሔ ነበረን። በቄስ ትምህርት ቤት ልጅ «ሀ ሁ ሂ»ን ከጨረሰ በኋላ ወደ ሌላ ገበታ ይሸጋገራል፤ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ»፣ ቀጥሎ «በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ»። ልብ ብላችሁ እዩት። በአንድ መስመር ላይ ሰባት የተለያዩ ፊደላት አሉ፣ እያንዳንዳቸው ደግሞ በተለያየ መልክ፤ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ። «ሀ ሁ ሂ» ብሎ የመጣበት ዜማ እዚህ ዋጋ የለውም። «ጊ»ን ለማለት «ጊ»ን ማየት ግድ ነው። ከዚያ ደግሞ የዮሐንስ መልእክት ይመጣል፣ መጀመሪያ ፊደል በፊደል እየተቆጠረ፣ በኋላ እየተነበበ። የድሮውን ሁሉ ለማወደስ አይደለም፤ አለንጋም ነበረ፣ ልጁ የሚያነበውም የማይገባውን ግዕዝ ነበር። አቡጊዳም ውሎ አድሮ ራሱ ዜማ ይሆናል። ሆኖም ቅደም ተከተሉን አፍርሶ እንደገና መጠየቅ የሚለው ሐሳብ ዛሬ ተመራማሪዎች አቀላቅሎ መለማመድ ከሚሉት ጋር አንድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 ዳግ ሮረር እና ኬሊ ቴይለር ያሳተሙት ሙከራ ይህን በሒሳብ አሳይቷል። የኮሌጅ ተማሪዎች የአራት ዓይነት ቅርፆችን ይዘት ማስላት ተማሩ። አንዱ ቡድን ጥያቄዎቹን በዓይነት በዓይነት፣ ሌላው ተቀላቅለው ሠራቸው። በልምምዱ ላይ በዓይነት የሠሩት 89 በመቶ፣ አቀላቅለው የሠሩት 60 በመቶ አገኙ። ከሳምንት በኋላ በተሰጠው ፈተና ግን የመጀመሪያዎቹ ወደ 20 በመቶ ሲወርዱ አቀላቅለው የሠሩት 63 በመቶ ላይ ነበሩ። ክፍል ውስጥ ጥሩ የሚመስለውና የሚቆየው አንድ አይደሉም። ዓርብ ላይ መምህሩን የሚያታልለውም ይኸው ነው።

ሌላም አለ። ሮዲገር እና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት አንዱ ቡድን ጽሑፍ አራት ጊዜ ደጋግሞ አነበበ፣ ሌላው አንድ ጊዜ አንብቦ ሦስት ጊዜ ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያነበቡት 83 ለ71 በመቶ በልጠው ነበር። ከሳምንት በኋላ 40 ለ61 ተበለጡ። ከትውስታ መዝዞ ማውጣት ራሱ ትምህርት ነው፣ ምዘና ብቻ አይደለም። ተከታታይ ምዘና ስንል ውጤት ለመመዝገብ ብቻ አድርገን መያዛችን ይህን ጥቅሙን ያስቀርብናል።

ታዲያ በሳምንት ውስጥ እንዴት ይደልደል? ሴፔዳና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ከ1,350 በላይ ሰዎችን ይዘው መጀመሪያ በተማሩበትና በከለሱበት ቀን መካከል የሚሻለውን ርቀት ፈልገዋል። ፈተናው ከክለሳው ሳምንት በኋላ ከሆነ አንድ ቀን ማራራቅ ተሻለ፤ ከ35 ቀን በኋላ ከሆነ 11 ቀን፣ ከ350 ቀን በኋላ ከሆነ 21 ቀን። ይህ በጎልማሶችና በተናጠል መረጃዎች ላይ ስለሆነ የትምህርት ካሌንደር አድርገን አንለጥፈውም፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። የ40 ደቂቃውን ክፍለ ጊዜ በሙሉ በ«ለ» ከመጨረስ፣ አምስት ደቂቃዋን ለትናንቱ፣ ለባለፈው ሳምንትና ለባለፈው ወር ፊደላት በተቀላቀለ መልኩ መስጠት ይከፍላል። ልጆቹ እንደ ድሮው በአንድ ድምፅ ከመመለስ በየትንሽ ሰሌዳቸው ወይም ደብተራቸው ላይ ጽፈው ከፍ ቢያደርጉ፣ መምህሩ በአንድ ዓይን ማን እንደያዘ ያያል።

የሳምንቱ ሌሎች ሥራዎችም ከዚህ የራቁ አይደሉም። ሚኒ ሚዲያው ላይ ዜና የሚያነብ ልጅ ቀኑን ሙሉ ሲለማመድ የሚውለው ሰው ስለሚሰማው ነው። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው ምገባም ቢሆን የትምህርት ጉዳይ ነው። በአምስት ዓመት ዕድሜ ገደማ የልጅ አንጎል ሰውነቱ ዕረፍት ላይ ሳለ ከሚያወጣው ኃይል ሁለት ሦስተኛ ገደማውን ይወስዳል። ቁርስ ያልበላ ልጅ ፊት አምስት የፊደል መልኮችን መደርደር ልፋት ነው። ስለ ሰውነት ማጎልመሻው ብዙ አልልም፤ ትኩረትን ለጊዜው እንደሚያነቃ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፣ ልጆቹም ራሳቸው ይነግሯችኋል።

ሽርሽሩ ላይ ግን ላቁም። ወሰን አካባቢ ላለ ትምህርት ቤት የየካ ተራራና የእንጦጦ ሰንሰለት ደጁ ላይ ያለ ቤተ ሙከራ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍና አገር በቀሉ ጥድ እዚያ አሉ። ከሁለቱ ሥር ምን በቀለ? የትኛው ቅጠል ይሸታል? አፈሩ የቱ ጋ ይደርቃል? ልጅ ይህን ሁሉ አይቶ፣ ደስ ብሎት ይመለሳል፤ ብዙ ጊዜም ነገሩ በቃ እዚያው ያልቃል። በነጋታው ደብተር ሳይከፈት «ትናንት ያያችሁትን ሥዕል ሳሉና ስሙን ጻፉበት» ቢባሉ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ቢጠየቁ፣ ያው አንድ ጉዞ ሦስት ጊዜ ይማራል። «ጥድ» ብሎ ለመጻፍ ሲሞክር ደግሞ ያቺ አስቸጋሪ ሳድስ እንደገና ትመጣለች፣ አሁን ከሸታው ቅጠል ጋር ተያይዛ።

ለወላጅ የሚሆነውም ከዚህ የተለየ አይደለም። ታክሲ ውስጥ ከመገናኛ እስከ ወሰን ያሉት የሱቅ ማስታወቂያዎች አቡጊዳ ናቸው፣ ማንም በተራ አልደረደራቸውም። «ያቺ ፊደል ማን ናት?» ብሎ አንድ ሁለቱን መጠየቅ በቂ ነው። እሁድ ማታ አምስት ደቂቃም ይበቃል። ልጁ ጥቂት ሰከንድ አስቦ ካልመጣለት መልሱን ንገሩት፣ ወደ ሌላ እለፉ፣ ትንሽ ቆይታችሁ ተመለሱባት። ሲሳሳት ከተቆጣችሁት ግን በሚቀጥለው ጊዜ የሚያስታውሰው ፊደሏን ሳይሆን ቁጣችሁን ነው።